«ልቡ 78 ከመቶ ይሠራል» የተባለ ልጅ ለምን ይደክማል?

ጥያቄው፦ «የ6 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፤ ክብደቱ 18 ኪሎ ነው። ከእኩዮቹ ጋር ሲሮጥ ቶሎ ይደክመውና ቁጢጥ ይላል። ሁለት ጊዜ ደረቴን አመመኝ ብሎኛል፤ ራሱን ስቶ ግን አያውቅም። መጀመሪያ ያየው ሐኪም ቫልቩ ያፈሳል ብሎ ፉሮሴማይድና ኤናላፕሪል አዘዘለት፤ ባሰበት። በኋላ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ሲነሳ የልቡ ጡንቻ ወፍሯል ተባለ። ወረቀቱ ላይ መካከለኛው ግድግዳ 14 ሚሊ ሜትር፣ ኢጄክሽን ፍራክሽን 78%፣ የመውጫው የግፊት ልዩነት 45፣ ግራው የላይኛ ክፍል በመጠኑ የሰፋ ይላል። የሕፃናት ልብ ሐኪሟ ሁለቱንም መድኃኒት አስቁማ ፕሮፕራኖሎል 10 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ጀመረችለት። ልቡ 78 ከመቶ የሚሠራ ከሆነ ለምን ይደክማል? ከሁለቱ ሐኪሞች የትኛው ነው ልክ? የአባቱ ወንድም በ24 ዓመቱ ኳስ ሲጫወት ወድቆ ሞቷል፤ ይኼ ይያያዛል? የ3 ዓመት እህትም አለችው። ለትምህርት ቤቱስ ምን ልበል?»

ምላሽ፦

ከቁጥሩ ልጀምር፤ ብዙ ወላጅ የሚደናገረው እዚያ ላይ ነውና። 78 ከመቶ እንደ ፈተና ውጤት የሚነበብ አይደለም። ወደ ግራው የታችኛ የልብ ክፍል ከገባው ደም ውስጥ በአንድ ምት ስንት እጁ ወጣ የሚል ስሌት ብቻ ነው። ስንት ገባ የሚለውን አይነግረንም። የልጅዎ ችግር ያለው ደግሞ መግቢያው ላይ ነው።

በቁጥር ላስረዳ፤ ቁጥሮቹ የልጅዎ ሳይሆኑ ለምሳሌ የወሰድኳቸው ናቸው። በእሱ ዕድሜና ክብደት ያለ ጤነኛ ልጅ ልብ ከመኮማተሩ በፊት 45 ሚሊ ሊትር ደም ያዘ እንበል። ከዚያ ውስጥ 29ኙን ቢረጭ 64 ከመቶ ይሆናል፤ ደህና ቁጥር ነው። ግድግዳው ወደ ውስጥ ወፍሮ ክፍሉን ያጠበበው ልብ ግን የሚይዘው 27 ሚሊ ሊትር ብቻ ይሁንና 21ዱን ይርጭ። ይህ 78 ከመቶ ነው። ከመቶ ሲሰላ በለጠ፣ በሚሊ ሊትር ሲለካ ግን በየምቱ 8 ጎደለ። ሁለቱም በደቂቃ 90 ጊዜ ቢመቱ የመጀመሪያው ለሰውነት 2.6 ሊትር ሲያደርስ ሁለተኛው የሚያደርሰው 1.9 ነው። ልጁ ቁጭ ብሎ ሥዕል ሲሥል ይህ ይበቃዋል። ሲሮጥ ግን እግሩ የሚጠይቀውን ልቡ አይሰጠውም።

እንግዲህ የወፈረ ልብ መኮማተር አያቅተውም፤ እንዲያውም ከልክ በላይ ይኮማተራል። የሚያቅተው መላላት ነው። መላላት ደግሞ ጉልበት ይፈልጋል። የልብ ጡንቻ ሕዋስ የሚኮማተረው ካልሲየም ሲገባበት ነው፤ ለመላላት ያንን ካልሲየም ወደ ማከማቻው መልሶ መግፋት አለበት፤ ለዚህ ሥራ ነዳጅ ያቃጥላል። በዘር በሚተላለፈው ዓይነት፣ ማለትም ሃይፐርትሮፊክ ካርዲዮማዮፓቲ በሚባለው፣ የሚኮማተሩት ፕሮቲኖች ራሳቸው በአሠራራቸው ስሕተት አለባቸው። ከሚገባው በላይ ብዙዎቹ ተያይዘው ይጎትታሉ፣ ነዳጁን ይጨርሱታል፣ ለመላቀቅም ይዘገያሉ። በዚያ ላይ ሕዋሳቱ እንደ ሸማኔ ድር በአንድ አቅጣጫ ተሰልፈው አይገኙም፤ እንደተቋጠረ ፈትል ይጠላለፋሉ። በመካከላቸውም ጠባሳ ይበቅላል። ውጤቱ ወፍራም፣ ደረቅና ቶሎ የማይለጠጥ ግድግዳ ነው።

ደሙ ወደማይለጠጥ ክፍል ለመግባት ከኋላው ከፍ ያለ ግፊት ያስፈልገዋል። ያንን ግፊት የሚሸከመው ግራው የላይኛ ክፍል ነው፤ በወረቀቱ ላይ «በመጠኑ የሰፋ» የተባለው ለዚህ ነው። እኔ የእንዲህ ያለ ልጅ ኢኮ ሲቀርብልኝ ከኢጄክሽን ፍራክሽኑ ይልቅ ይህችን መስመር ቀድሜ እፈልጋለሁ፤ የታችኛው ክፍል በመሙላት ስንት እንደተቸገረ የምትናገረው እሷ ናትና። ግፊቱ ከዚያም አልፎ ወደ ሳንባ ሲመለስ ልጁ ትንፋሽ ያጥረዋል። ጡት በሚጠባ ሕፃን ላይ ተመሳሳዩ ነገር በሌላ መልክ ይመጣል፦ ሁለት ሦስት ጊዜ ስቦ ያቆማል፣ ግንባሩን ያልበዋል፣ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ክብደት አይጨምርም።

አሁን ሩጫ ለምን እንደሚያባብሰው ይታያል። ልብ በደቂቃ 90 ጊዜ ሲመታ አንዱ ምት 0.67 ሰከንድ አለው። 160 ሲደርስ ወደ 0.38 ይወርዳል። ያጠረው ጊዜ በአብዛኛው የሚቀነሰው ከመላላቱ ክፍል ነው፤ መኮማተሪያው ብዙም አይነካም። ጤነኛ ልብ በዚያች አጭር ጊዜ ቶሎ ይላላና ይሞላል። የወፈረው ገና መላላት ሲጀምር የሚቀጥለው ምት ይደርስበታል። የልብ ጡንቻ ራሱ ደሙን የሚያገኘውም በአብዛኛው በዚሁ በመላላቱ ሰዓት ነው። ግድግዳው ወፍሮ ፍላጎቱ ጨምሯል፣ ትንንሾቹ የደም ሥሮች ግን በዚያው መጠን አልበዙም፤ በውስጥ በኩል ደግሞ በግፊት ይጨፈለቃሉ። ልጁ «ደረቴን አመመኝ» ያለው በሩጫ ላይ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል፤ ለሐኪሟ ሳይነገር መቅረት የለበትም። ምን ሲያደርግ ጀመረው፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ ምን ሲያደርግ ለቀቀው የሚለውን ጽፈው ይያዙ።

45 የተባለው ቁጥር ሁለተኛው ጉዳይ ነው። ደም ከግራው የታችኛ ክፍል ወደ ዋናው የደም ቧንቧ የሚወጣበት መንገድ በአንድ ወገኑ መካከለኛው ግድግዳ፣ በሌላው ወገኑ ሚትራል ቫልቭ (በግራው የላይኛና የታችኛ ክፍል መካከል ያለው በር) አለበት። ግድግዳው ሲወፍር መንገዱ ይጠባል። የውሃ ጎማ ጫፍ በጣት ሲጫኑት ውሃው እንደሚወረወር ሁሉ፣ ደሙም በጠበበው ቦታ ይፈጥናል፣ ይስባልም። የቫልቩ አንዱ ክንፍ ተስቦ ከግድግዳው ጋር ይገናኝና መውጫውን ይዘጋዋል። ክንፉ ከቦታው ስለተነሳም ቫልቩ በደንብ አይገጥምም፤ ደም ወደ ኋላ ያፈሳል። የመጀመሪያው ሐኪም ያየው የቫልቭ መፍሰስ እንግዲህ ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ቫልቩ ራሱ ሳይታመም ማለት ነው።

የ45 ትርጉም በሌላ መልኩ ይህ ነው፦ በልጁ ክንድ ላይ የላይኛው የደም ግፊት 95 ቢሆን በልቡ ውስጥ ያለው 140 ያህል ነው። በዕረፍት ላይ 30ና ከዚያ በላይ ሲሆን መውጫው ተዘግቷል ይባላል፤ 50ና ከዚያ በላይ ሲደርስ ደግሞ ምልክት ላለበት ሕመምተኛ ከመድኃኒት ያለፈ ሕክምና የሚታሰብበት መስመር ነው። ይህ ቁጥር ግን እንደ ቁመት ተለክቶ የሚያበቃ አይደለም። ልጁ ውሃ ከጠጣ፣ ከተኛና ከተረጋጋ ይወርዳል። ከጠማው፣ ከሮጠ፣ ካለቀሰ፣ በድንገት ከቆመ ይወጣል። ስለዚህ በሚቀጥለው ኢኮ ላይ በተኛበት ብቻ ሳይሆን ቁጭ ሲል፣ ሲቆምና ሆዱን ወጥሮ ሲያምጥ ጭምር እንዲለካ ይጠይቁ። ልጅዎ ሲደክመው ቁጢጥ ማለቱም በዘፈቀደ ላይሆን ይችላል፦ ቁጢጥ ሲባል ደም ከእግር ወደ ልብ ይመለሳል፣ ክፍሉ ይሞላል፣ መውጫው ይከፈታል። አይከልክሉት።

14 ሚሊ ሜትር ለአዋቂ ሰው ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ነው፤ በአዋቂ ላይ ምርመራው የሚጸናው ብዙውን ጊዜ ከ15 ጀምሮ ነው። ለ6 ዓመት ልጅ ግን ከጤናማው ከእጥፍ በላይ ነው። በልጅ ላይ ሚሊ ሜትር ብቻውን አይነበብም፤ ከሰውነቱ ስፋት ጋር ተመዛዝኖ ዚ-ስኮር የሚባል ቁጥር ይወጣለታል። በቤተሰብ ውስጥ ሕመሙ ካለ ከ2 በላይ፣ ከሌለ ከ2.5 በላይ ሲሆን ወፍሯል ይባላል። ወረቀቱ ላይ ዚ-ስኮር ካልተጻፈ ያስጽፉት፤ ቁመቱና ክብደቱም በዚያው ቀን ይመዝገብ። ያለ እሱ ከስድስት ወር በኋላ 15 ሚሊ ሜትር ቢሆን ወፈረ ወይስ ልጁ አደገ የሚለው አይለይም።

ከሁለቱ ሐኪሞች ሁለተኛዋ ልክ ናት። የመጀመሪያው ግን ያለ ምክንያት አልተሳሳተም። በእኛ አገር ትምህርት ቤት ከደረሱ ልጆች መካከል ቫልቭ አፈሰሰ ሲባል ቅድሚያ የሚጠረጠረው ከጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣው ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው፤ ለእሱ ደግሞ ፉሮሴማይድና ኤናላፕሪል ይረዳሉ። መውጫው በሚዘጋ ወፍራም ልብ ላይ ግን ሁለቱም ወደ ተቃራኒው ይሠራሉ። ፉሮሴማይድ ውሃውን በሽንት ያወጣል፤ ቀድሞ የማይሞላው ክፍል ይብስ ይጎድላል፣ ግድግዳና ቫልቭ ይቀራረባሉ። ኤናላፕሪል የደም ሥሮችን ያሰፋል፤ ከፊት ያለው ግፊት ሲወርድ ልብ ይበልጥ ይሟጠጣል፣ መውጫው ይጠባል። ኒፌዲፒን የተባለው የደም ግፊት መድኃኒትም በዚሁ መንገድ ይጎዳል። ዳይጎክሲን የተባለው የልብ መድኃኒት ደግሞ መኮማተሩን ያጠነክራል፤ ይህ ልብ የማይፈልገው ነገር ያ ነው። «ባሰበት» ያሉት ከዚህ አሠራር ጋር ይገጥማል።

አንድ ልዩነት ልጨምር፤ አንዳንድ ሰው ይህን አንብቦ መድኃኒቶቹን ለሁልጊዜ እንደ መርዝ እንዳይቆጥራቸው። ሳንባው ውሃ ለቋጠረ ልጅ ሐኪሙ ትንሽ ፉሮሴማይድ በጥንቃቄ ሊሰጥ ይችላል። ከዓመታት በኋላ ጡንቻው ደክሞ ኢጄክሽን ፍራክሽኑ ከ50 በታች ከወረደም ሕክምናው ይገለበጥና ኤናላፕሪል ተመልሶ ይመጣል። ለዚህ ነው 78 ወደ 60 ቢወርድ «ከጤነኛ ጋር ተስተካከለ» ተብሎ ዝም የማይባለው።

ልጁ ሩማቲክ ነው ተብሎ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ጀምሮ ከሆነ ደግሞ በራስዎ አያቁሙት። ሐኪሟ በኢኮው ላይ የሩማቲክ ምልክት እንደሌለ በግልጽ ካረጋገጠችልዎ በኋላ እሷው ታስቁመዋለች።

ፕሮፕራኖሎል ከላይ የተነገረውን ሁሉ በአንድ በኩል ይመልሳል፦ ምቱን ያዘገያል፣ የመሙያ ጊዜውን ያረዝማል፣ የመኮማተሩን ኃይል ያለዝባል፣ በሩጫና በድንጋጤ ጊዜ ምቱ እንዳይተኮስ ይይዛል። ጡንቻውን አያሳሳም፤ ከሦስት ወር በኋላ ኢኮው ላይ አሁንም 14 ቢል መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም። የሚጠበቀው የግፊት ልዩነቱ መቀነስና የልጁ ድካም መቅለል ነው።

መጠኑን እንመልከት። በቀን 30 ሚሊ ግራም ለ18 ኪሎ ሲካፈል በኪሎ 1.7 ይሆናል። የተለመደው በኪሎ በቀን ከ2 እስከ 4 ሚሊ ግራም ስለሆነ ሐኪሟ ከታች ጀምራ ልትጨምር ያሰበች ይመስለኛል፤ መንገዱም ይኼው ነው። ክብደቱ ሲጨምር መጠኑ እንደገና ይሰላል፤ በ18 ኪሎ የታዘዘ ፍሬ በ23 ኪሎ ያንሳል። የሚያሰጋኝ ሌላ ነገር አለ። ፍሬው በ10ም በ40ም ሚሊ ግራም ይመረታል። ፋርማሲው የ10ው የለም ብሎ የ40ውን ቢሰጥዎ አንድ ፍሬ ማለት የታዘዘው አራት እጥፍ ነው። ማሸጊያውን በየጊዜው ያንብቡ፤ የ40ውን በቤት ውስጥ በቢላ ለአራት መክፈልም እኩል አይወጣም።

ፕሮፕራኖሎል በትንሽ ልጅ ላይ የሚያመጣው ዋናው አደጋ የደም ስኳር መውረድ ነው፤ ባዶ ሆድ ላይ፣ በተለይ ጠዋት። ስኳር ሲወርድ ሰውነት የሚያሳየውን የልብ መምታትና መንቀጥቀጥ መድኃኒቱ ይሸፍነዋል፤ የሚቀረው ላብ፣ መፍዘዝ፣ መነጫነጭና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ከምግብ ጋር ይስጡት፤ ሳይበላ አይተኛ። ካስመለሰው ወይም ምግብ እንቢ ካለ የዚያን ሰዓቱን ይለፉትና ወዲያው ሐኪሟን ያማክሩ፤ ነቅቶ መዋጥ ከቻለ በስኳር የተበጠበጠ ውሃ ይስጡት። በአንጻሩ ደህና ሆነ ብሎ ለቀናት ማቋረጥ ምቱን በድንገት ያስፈነጥረዋልና አይደረግም። ነቅቶ በዕረፍት ላይ እያለ ምቱ በደቂቃ ከ60 በታች ከወረደ፣ ወይም ደረቱ ሲያፏጭ ከሰሙ፣ የሚቀጥለውን ከመስጠትዎ በፊት ይደውሉ። አስም ያለበት ልጅ ፕሮፕራኖሎል አይሰጠውም፤ ሐኪሙ ሌላ ይመርጣል። በአማራጭነት የሚጠቀሰው ቬራፓሚል ደግሞ ከአንድ ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት አደገኛ ነው።

ከመድኃኒቱ እኩል የምመለከተው ውሃ ነው። ለዚህ ልጅ ተቅማጥ ከጎረቤት ልጅ ተቅማጥ ጋር አንድ አይደለም። ቀጭን ሰገራ እንደጀመረው አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠው ከእያንዳንዱ ሰገራ በኋላ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር በትንሽ በትንሹ ያጠጡት። እያስመለሰው መያዝ ካልቻለ፣ ከቆመ የሚያዞረው ከሆነ፣ ወይም ሽንቱ ለስድስት ሰዓት ከቆመ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ እዚያም «ልቡ ወፍራም ነው፣ መድረቅ የለበትም» ይበሉ። የልብ ሕመምተኛ ነው ተብሎ ፈሳሽ የሚከለከልበት ጊዜ አለ፤ ለእሱ ግን የጠፋው ውሃ በጥንቃቄ መተካት አለበት።

በዓመት የሚመጣው የጾም ጥያቄም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ሰባት ዓመት ሲሞላው ከቤተሰብ ጋር መጾም ይፈልግ ይሆናል። ሥጋና ወተት መተው ለልቡ ችግር የለውም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ምግብና ያለ ውሃ መዋል ግን ከፕሮፕራኖሎል ጋር ሁለት አደጋ ባንድ ላይ ነው። በረመዳንም እንዲሁ። ጠበል የሚወስዱት ከሆነ ጠበሉን የሚከለክል የሕክምና ምክንያት የለም፤ የሚጎዳው በዚያ ሰበብ መድኃኒቱን ማስቆምና ባዶ ሆዱን ረጅም ሰዓት ማቆየት ነው። ምግቡንና መድኃኒቱን በሰዓቱ ይዘውለት ይሂዱ፤ የንስሐ አባቱንም ያማክሩ፤ ለሕመምተኛ ሕፃን መንገድ አያጡለትም። እንጥል ማስቆረጥና በቤት ውስጥ የወተት ጥርስ ማስነቀል ለማንም ልጅ አይበጅም፤ ለእሱ ደም መፍሰሱ ብቻውን ልቡን ባዶ ሊያደርገው ይችላል። ማደንዘዣ የሚያስፈልገው ማንኛውም ቀዶ ሕክምና ሲመጣ ኢኮው ለማደንዘዣ ባለሙያው ቀድሞ መድረስ አለበት።

አፍንጫ የሚከፍቱ የጉንፋን ሽሮፖች፣ ፕሴውዶኤፌድሪን ያለባቸው፣ አይሰጡት። ትንፋሽ ሲያጥረው በአስም ስም ሳልቡታሞል በተደጋጋሚ መንፋትም የግፊት ልዩነቱን ያሳድጋል። ሲጎረምስ ደግሞ ኃይል ሰጪ የሚባሉት የታሸጉ መጠጦችና ጫት ለዚህ ልብ ከባድ ጠላቶች ናቸው፤ ከአሁኑ ይንገሩት።

የመወፈሩ ምክንያት ሳይጣራ መቆየት የለበትም። የደም ግፊቱ በቀኝ ክንዱና በአንድ እግሩ ላይ ተለክቷል? ካልተለካ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይለካ፤ ክንዱ ላይ ከፍ ብሎ እግሩ ላይ ዝቅ ካለ ዋናው የደም ቧንቧ ጠቦ ሊሆን ይችላል፣ የሱ መድኃኒት ጥበቱን መክፈት ነው። በኩላሊት ምክንያት የሚመጣ የደም ግፊትም ልብ ያወፍራል። አጭር ቁመት፣ የተራራቁ ዓይኖች፣ ዝቅ ያሉ ጆሮዎች፣ ሰፊ አንገት፣ ያልወረደ የዘር ፍሬ ካለ ኑናን ሲንድሮም የሚባለው የዘረመል ሕመም ይታሰባል። በጨቅላነቱ የሰውነቱ ጡንቻ ልል የሆነና ምላሱ የተለቀ ሕፃን ፖምፔ የተባለው የኤንዛይም ጉድለት ሊኖርበት ይችላል፤ እሱ በጊዜ ከተደረሰበት በደም ሥር የሚሰጥ ምትክ አለው። እናቷ ስኳር ያለባት ሕፃን ስትወለድ ግድግዳው ቢወፍር አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ ራሱ ይመለሳል። የእርስዎ ልጅ ግን 6 ዓመቱ ነው፣ መውጫው ተዘግቷል፣ በቤተሰቡም ወጣት በኳስ ሜዳ ወድቋል። ሚዛኑ በዘር ወደሚተላለፈው ያጋድላል።

የአጎቱ ነገር እንግዲህ በጣም ይያያዛል። ይህ ዓይነት ሕመም ከአንድ ወላጅ ብቻ ይወረሳል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። አጎቱ ካለበት አባቱም ሳያውቀው ሊኖርበት ይችላል፤ አንዳንድ ሰው እስከ ሽምግልናው ምንም አይሰማውም። አባቱ ኳስ የሚጫወት ወይም ከባድ ሸክም የሚሠራ ከሆነ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) እና ኢኮ እስኪነሳ ድረስ ያቁም። እርስዎም አብረው ይነሡ፤ ውጤቱ ደህና ቢሆንም አዋቂ በየ3 እስከ 5 ዓመቱ ይደግማል።

ድንገተኛ ሞት የሚመጣው ልብ ደክሞ ቀስ በቀስ በመቆም አይደለም። ጠባሳ ባለበትና በተጠላለፈው ጡንቻ ውስጥ የኤሌክትሪኩ መልእክት መንገድ ስቶ ሲዞር፣ ምቱ ወደ ትርጉም የለሽ መርገብገብ ይለወጣል። የትኛው ልጅ ለዚህ እንደሚጋለጥ ለመገመት በ2019 እ.ኤ.አ. ከ1 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች የተዘጋጀ ኤችሲኤም ሪስክ ኪድስ የሚባል ስሌት አለ (ኤችሲኤም የሃይፐርትሮፊክ ካርዲዮማዮፓቲ አጭር ስም ነው)። የሚጠይቀው አምስት ነገር ነው፦ ያለ ምክንያት ራስን መሳት፣ በሆልተር የታየ አጭር የምት መዛባት፣ የግድግዳው ውፍረት፣ የግራው የላይኛ ክፍል ስፋት፣ የመውጫው የግፊት ልዩነት። ከአምስቱ በእጅዎ ያለው አራቱ ነው። የጎደለው ሆልተር ነው፤ ደረቱ ላይ ተለጥፎ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ምቱን የሚቀዳው ትንሽ መሣሪያ። ይህን ይጠይቁ። የአጎቱ አሟሟት በዚህ ስሌት ውስጥ ባይገባም ሐኪሞች ለብቻው ይመዝኑታል። ስጋቱ ከፍ ካለ በሰውነት ውስጥ የሚተከል፣ የተዛባውን ምት በኤሌክትሪክ የሚመልስ አይሲዲ ይታሰባል። በዋጋውም በአገኛኘቱም ቀላል አይደለም፤ በትንሽ ልጅ ላይም ገመዱ ከዕድገቱ ጋር ይጎተታል፣ ሳያስፈልግ በኤሌክትሪክ ሊመታውም ይችላል። ቢሆንም ውይይቱ ልጁ አንድ ቀን ከወደቀ በኋላ ሳይሆን ከአሁኑ ይጀመር።

መድኃኒቱ በሙሉ መጠኑ ተሰጥቶ ድካሙ ካልቀለለና የግፊት ልዩነቱ ከ50 ካለፈ፣ ከወፈረው ግድግዳ ላይ ትርፉን ጡንቻ የሚቀንስ ቀዶ ሕክምና አለ። ብዙ በሠራ ቡድን እጅ ጥሩ ውጤት አለው፤ ቀዶ ሐኪሙን «በልጆች ላይ ስንት ሠርተዋል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ውጭ ያለ ዘመድ ማቫካምተን የሚባል አዲስ መድኃኒት ልላክ ካለዎት ደግሞ አይቀበሉ፦ በ2022 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀደው ለአዋቂዎች ነበር፤ መኮማተሩን ከልክ በላይ ሊያዳክም ስለሚችል በተደጋጋሚ ኢኮ እየታየ ነው የሚሰጠው። በፖስታ መጥቶ የሚዋጥ ክኒን አይደለም።

ታናሽ እህቱ ምንም ሳይሰማት አሁኑኑ ኢሲጂና ኢኮ ትነሣ። ደህና ከተባለች ከዚያ በኋላ በየ1 እስከ 2 ዓመቱ ትደግማለች፤ ግድግዳው ብዙ ጊዜ የሚወፍረው በዕድገት፣ በተለይም በጉርምስና ጊዜ ስለሆነ የዛሬው ደህንነት የነገውን አያረጋግጥም። የዘረመል ምርመራ ማስደረግ ከተቻለ መጀመሪያ የሚመረመረው ወንድ ልጅዎ ነው። በእሱ ላይ የታወቀ ስሕተት ተገኝቶ በእሷ ላይ ከሌለ ክትትሏ ሊያበቃ ይችላል። በእሱ ላይ ምንም ካልተገኘ ግን ሕመሙ በዘር አይደለም ማለት አይቻልም፤ የእሷም ኢኮ ይቀጥላል።

ትምህርት ቤቱን በተመለከተ፣ ልጁን ጥግ ላይ ማስቀመጥ አያስፈልግም። ሆልተሩ ተሠርቶ ሐኪሟ ወሰኑን እስክትነግርዎ ድረስ ውድድር፣ በሙሉ ኃይል መሮጥና እየተፎካከሩ ኳስ መጫወት ይቅር። መራመድ፣ ቀስ ያለ ጨዋታ፣ ራሱ ሲፈልግ ማቆም ይፈቀድለት። አስተማሪዎች ብዙ ጊዜ የማያውቁት ነገር፦ አደጋው ሩጫው ባቆመበት ቅጽበት ሊበረታ ይችላል። የእግር ደም ሥሮች ገና ሰፍተው ሳለ እግሩ መግፋቱን ሲያቆም ወደ ልብ የሚመለሰው ደም በድንገት ይጎድላል፣ መውጫው ይዘጋል። ስለዚህ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ሳይሆን ቀስ እያለ እንዲራመድ ይደረግ፤ ካዞረው ግን ወዲያው ይተኛ።

ይህችን ገልብጠው ለአስተማሪውና ለርእሰ መምህሩ ይስጡ፤ አንዷ በልጁ ቦርሳ ትቀመጥ፦

«የዚህ ልጅ የልብ ጡንቻ ወፍራም ነው። ውሃ በፈለገ ጊዜ ይጠጣ። ደከመኝ ሲል አይገፋፋ፤ ቁጢጥ ካለ አይነሣ። በፀሐይ ረጅም ሰልፍ አይቁም። ደረቱን ካመመው፣ ልቡ በኃይል ከመታ ወይም ካዞረው በጀርባው አስተኝታችሁ እግሩን ከፍ አድርጉ፤ ለእናቱ ደውሉ። ራሱን ከሳተ፣ ቢነቃም እንኳ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት። ራሱን ስቶ ካልተነፈሰ ወይም የሚያጣጥር ከሆነ ውሃ በመርጨት ወይም ክብሪት በማሽተት ጊዜ አታጥፉ። አንድ ሰው ለአምቡላንስ 907 ይደውል፤ ሌላው ጠንካራ ወለል ላይ አስተኝቶ በደረቱ መካከል፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪገባ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫን። ከ30 ግፊት በኋላ 2 ትንፋሽ ይስጥ። አምቡላንሱ እስኪደርስ ወይም ልጁ እስኪንቀሳቀስ አያቁም፤ ሲደክመው ሌላ ይተካው። መድኃኒቱ ፕሮፕራኖሎል 10 ሚሊ ግራም፣ ጠዋት፣ ቀንና ማታ ከምግብ ጋር ነው።»